አውራ ጣትህ ያረፈበት

ለተከበርህና ለምወድህ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ሰነበተ? የጉልበትህ ቁርጥማት ከብርዱ ጋር አብሮ ወጣልህ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? ዓይንህስ ከጥላ አልፎ የሚያሳይህ ነገር ጨመረ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ለክፉ የማይሰጥ ጤና አለኝ። ሁለት ጥርስ ቀርቶኛል፤ ሁለቱም አይገናኙም። ከዚህ በቀር የሚነገር ሕመም የለኝም።

ደብዳቤህ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ደርሶኛል። ጽሕፈቱ የልጅህ ቢሆንም ቃሉ ያንተው መሆኑን ገና በመጀመሪያው መስመር «አራት ነጥብ» ብለህ ስትጠራኝ ዐወቅሁ። መዝጊያ ነጥብ ጎደለው ብዬ የኃላፊውን ማስታወሻ የመለስሁ ዕለት ያወጣህልኝን ስም ዛሬ ከአንተ በቀር የሚጠራኝ የለም። የሚያውቁት ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ አለቃ ሆነዋል።

አንተ በጥገና ክፍል፣ እኔ በመዝገብ ክፍል ያረጀንበት ሙዚየም ምን እንደ ደረሰበት በዝርዝር እንድጽፍልህ ጠይቀሃል። እነሆ።

መንግሥት በወደቀ በማግሥቱ ጥበቃዎቹ የደንብ ልብሳቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ማጣጠፋቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ እንደ ወትሮዬ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቼ ክፍሌን ከፈትሁ። አራት ሰዓት ገደማ የመንገዱ ሰው ገባ። ሌቦች ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኞቹን በመልክ ዐውቃቸዋለሁ። ጫማዬን የሚሰፋልኝ ሰው የመጋረጃውን ዘንግ ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ጫማዎ ደርሷል፤ ነገ ይውሰዱ» አለኝ። አንዲት ሴት ጥንታዊውን ዶቃ መሬት ላይ ዘርግፋ መሳቢያውን ይዛ ሄደች። ሁለት ጎረምሶች የጽሕፈት ጠረጴዛዬን ተሸክመው በሩ ጠብቧቸው ሲታገሉ፣ አንደኛው ቆሜ ከማይ በዚያ በኩል ያዝ እንዳደርግላቸው ተቆጣኝ። እኔም ሌላ የማደርገው ቢጠፋኝ መዝገቡን ክንዴ ላይ ዘርግቼ የሚወጣውን ሁሉ በየቁጥሩ ጻፍሁ። አርባ ሁለት ዓመት የገባውን ስጽፍ ኖሬ የወጣውን በግማሽ ቀን ጨረስሁት።

አንዱ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ አይሮጥም፤ ግራ ቀኝ ሳይመለከት በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ክፍል ገባ። መስተዋቱን በፎጣ ሸፍኖ ሰበረውና በዚያው ፎጣ እሜቴን ጠቀለላት። ሳሕን በጭኗ አስቀምጣ የተቀመጠችውን፣ ቁመቷ ከስንዝር ተኩል የማይበልጠውን የሸክላ ሴት እሜቴ ብለን የሰየምናት አንተና እኔ ነን፤ ማለዳ ስንገባ እጅ ሳንነሣት አናልፍም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። እንዲያስቀምጣት ለመንሁት። ታውቀኛለህ፤ ሰው ለምኜ አላውቅም። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «እናትዎ ናት እንዴ?» ብሎ ክንዴን እንደ መጋረጃ በቀስታ ገለጥ አድርጎ ዐለፈ።

አንተ ግን በደብዳቤህ «አይዞህ፣ የወሰዱት የእኔን ጭቃ ነው፤ እሷማ ደረጃው ሥር ተኝታ ትስቅባቸዋለች» ብለህ አጽናንተኸኛል። እሷን የሸሸግንበትን ሣጥን ቦታ ለመሥሪያ ቤቱ በልጅህ እጅ ጽፈህ እንዳመለከትህም ነግረኸኛል። ደብዳቤው ደርሷቸው ሣጥኑ ባለፈው ማክሰኞ ተከፈተ።

ልጄ፣ ለአባትሽ የምታነብቢው አንቺ ነሽና እዚህ ላይ ድምፅሽን አቁሚ። ቀጣዩን ቅጠል አስቀድመሽ ለራስሽ አንብቢው። እንቅልፍ የሚነሣው መስሎ ከታየሽ አጥፈሽ አስቀምጪውና ወደ መጨረሻው ቅጠል እለፊ፤ ሳይቋረጥ እንዲነበብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። እኔ መምረጥ አቅቶኝ ላንቺ መተዌ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም።

*

ወንድሜ፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከተማው መታመስ ሲጀምር እሜቴን እንሰውራት ያልህ አንተ ነህ። ከወንዙ ዳር ባመጣኸው አፈር አራት ወር ሙሉ ደክመህ እኅቷን ሠራህ፤ የተሸረፈ ጉልበቷን እንኳ አልዘለልኸውም። ጭቃው ሳይደርቅ ከሥሯ ግራ አውራ ጣትህን ተጭነህ፣ ፊርማህ ይህ እንደ ሆነና ከእኔ በቀር የሚያውቀው እንደማይኖር ነገርኸኝ። እውነተኛዋን በጥጥ ጠቅልለን ከደረጃው ሥር፣ ከአሮጌው ጋዜጣ ክምር በስተኋላ፣ ሣጥን ውስጥ አስተኛናት። እኔ ተቃውሜህ ነበር። ከመስተዋቱ ሥር ያለው ካርዷ በእኔ እጅ ጽሑፍ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራች ይላል፤ ከበላዩ የአራት ወር ጭቃ አይቀመጥም ብዬ ሙግት ገጠምሁህ። «ካርድህን ከአንተ በቀር ማን ያነበዋል?» ብለህ ሳቅህብኝ፤ ተሸነፍሁ።

አንተ ጡረታ በወጣህ በሁለተኛው ዓመት አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን አስከትላ መጣች። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ካርዱን ጮክ ብላ አነበበችና ስንት ዓመት እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሦስት ሺህ» አሉ። አንዲት ሕፃን ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ አልነሣም አለች፤ እየጎተቱ ወሰዷት። መምህርቷ ስትወጣ እጅ ነሥታ አመሰገነችኝ። የተመሰገንሁበት ውሸት በገዛ እጄ የተጻፈ ነበር። በዚያው ዕለት በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳለ፣ ሣጥኑን ከፈትሁ። እውነተኛዋን ወደ ቦታዋ መለስሁ፤ ያንተን በእሷ ጥጥ ጠቅልዬ አስተኛሁ።

ዓይንህ ሳይደክም ለጥየቃ የመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከመስተዋቱ ፊት ቆመህ ክንዴን ጎሰም አደረግኸኝና «እየው እስቲ፣ ጭቃዬ እኮ ከእሷ አትለይም» አልኸኝ። የምታያት እሷኑ ነበር። ያን ቀን ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በሙግታችን እንዳሸነፍሁህ ለብቻዬ ማወቁ ጣመኝ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሰውየው በፎጣ ጠቅልሎ የሄደው እንግዲህ ጭቃህን አይደለም።

ማክሰኞ ዕለት አዲሷ ኃላፊ ጥጡን ስትገልጠው እንባዋ ፈሰሰ። ነገሩን መርምሮ የሚለይ ባለሙያ ከቀረነው ውስጥ የለም፤ ቢኖርም አንተ የሠራኸውን አይለይም። ሠራተኛው አጨበጨበ። ኃላፊዋ ሁለት ሽማግሌዎች አዳኗት እያለች እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ከፍ አድርጌ እንዳሳያቸው ሰጡኝ። ጣቴ ከሥሯ ያንተን ጉድጓድ አገኘው፤ ሰፋኝ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ ጣቴን ከዚያ አላነሣሁትም። አዲስ ካርድ እንድጽፍላት ሲጠይቁኝ እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ አልሁ።

ተሳስቼ ነበር ልልህ ብችል ደስ ባለኝ። የጻፍሁት ካርድ ልክ ነበር። ልክ ይሁንልኝ ብዬ ነው ያጠፋኋት። ይህን የሚሸከም ይቅርታ እንዳለህ አላውቅም፤ ከሌለህም አልቀየምህም።

*

ወንድሜ፤ ሣጥኑ በደኅና ተከፍቷል። ጥጡ አልሻገተም፤ አይጥም አልደረሰበትም። ሦስተኛው ክፍል ተጠርጎ አዲስ መስተዋት ተገጥሞለታል። ጫማ ሰፊው የመጋረጃውን ዘንግ መልሶ፣ እንደ ተዋሰ ሰው አመስግኖኝ ሄደ። ጠረጴዛዬ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ የምጽፍልህ የመስኮት ደፍ ላይ ነውና መስመሩ ተዛብቶ ልጅህን ካስቸገራት ይቅርታ ታድርግልኝ።

ካርዱን ዛሬ ጠዋት ጽፌ ጨረስሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት፤ ሦስተኛው ደኅና ወጣ። ነገ ዓርብ ለኃላፊዋ አስረክባለሁ፤ የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍም አብሬ። ያን ሁሉ ዘመን ስትሠራ ስምህ በአንድም ካርድ ላይ ሰፍሮ አያውቅም፤ ዕቃ የጠገነ ሰው ስሙ አይጻፍም የሚለውን ደንብ ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። አሁን በእሜቴ ካርድ ላይ ስምህን ከነአባትህ ስም፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ በመጀመሪያው መስመር አስፍሬዋለሁ። ከሥሩ ስለ እኔ የሚናገር አንድ መስመር አለ። ልጆች ጮክ ብለው ሊያነቡት እንዲችሉ ፊደሉን ጎላ አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለኃላፊዋ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ጉልበትህ ፈቅዶልህ ልጅህ ይዛህ የመጣች ቀን፣ መስተዋቱ ተከፍቶ እሜቴ በእጅህ እንድትሰጥህ።

ዓይንህ የነሣህን እጅህ ይካስህ። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ እሷም አባቷን እንዳከበረች በልጆቿ ትከበር። ዕድሜህን ከእኔው ላይ ቀንሶም ቢሆን ያርዝምልህ።

ስትይዛት ከሥር በኩል ዳስሳት። አውራ ጣትህ ቦታውን አይስተውም።

እስከ ዛሬ ወንድሜ ብለህ የጠራኸኝ፣
ወንድምህ