የሰናይት የአራስ ገንፎ

ሰኞ

«እማዬ፣ ትራሱን ቀና አድርጊልኝ» አለች ልጄ። ብድግ አልኩ። የጠራችው ግን አማቷን ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የበኩር ልጅ የወለደች በእናቷ ቤት ነበር የምትታረሰው። ሰናይትን ግን የባሏ ቤተሰቦች ለሆስፒታሉ ይቀርባል ብለው መቱ ከተማ፣ እነሱ ቤት አስቀሯት። እኔ ከጎሬ በሚኒባስ እንደ እንግዳ እመላለሳለሁ።

አማቷ አዴ ጫልቱ ገንፎውን ቅቤ አጥለቅልቀው አመጡ። ማርቃ ይሉታል። ጴንጤ ናቸው፤ ዐቢይ ጾም አያግዳቸውም። ሰናይት አፏን ዘጋች። እኔ በኑግ የሠራሁትን ቀመሰች። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ሕፃኑ ሲያለቅስ ዋለ። ከጡቷ ጠብ የሚል የለም። የአጃ አጥሚት ሠራሁላት፣ ተልባ በጠበጥኩላት። ሁለቴ ፉት ብላ ተወችው። አዴ ጫልቱ የዶሮ መረቅ ይዘው «ኛዱ ልጄ፣ ብዪ» እያሉ ሲለምኗት ዐይናቸው እንባ አቀረረ። በእንባቸው እንኳ ቀናሁ።

አራስ እንደማትጾም አውቃለሁ። ፊደል ብቻዬን ቆጥሬ ያገኘሁትን የማነብ ሴት ነኝ፤ የንስሐ አባቴም ነግረውኛል። ሰናይትም ታውቃለች። የያዛት መሐላው ነው። ስትዳር «እነሱ ቤት ገብተሽ ጾም እንዳትገድፊ» ብዬ በአባቷ አጽም ያስማልኳት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብል ትበላ ነበር። ዝም አልኩ። አሁንም የኔ ናት እያልኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ረቡዕ

አዴ ጫልቱ ጓዳ ጠሩኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ ብርቄ፣ በእኔ እጅ አትበላም። እናቷ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ያጉርሷት፤ እኔ ደጅ እወጣለሁ» አሉኝ።

ወጡ። እኔ ብሆን አልወጣም ነበር።

ከሰናይት በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ። እሱንም የወለድኩት በጾም ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ጾምኩ። ለክርስትናው አልደረሰም።

ገንፎውን ቅቤ አስነክቼ ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«መሐላሽን አንስቼልሻለሁ» አልኳት።

«ትቀየሚኛለሽ?»

«አፍሽን ክፈቺ።»

ሳህኑን ጨረሰች። ስታይ የነበረው ግን በሩን ነው፤ አማቷ መቼ እንደሚገቡ።

ሐሙስ

ጎሬ አልተመለስኩም። ጠዋት ሰናይት የአማቷን ቅቤ አመሰገነች። ኮረሪማ ይበዛበታል። ገንፎዋ ላይ ጨመርኩላት።

ሕፃኑ ጡት ይዞ ዝም አለ። ጠግቦ ይሁን ደክሞት አላወቅንም። እኔና አዴ ጫልቱ ግራና ቀኝ ጎንበስ ብለን ጉሮሮውን አየን። ዋጠ። ቆየ፤ ቆየ። እንደገና ዋጠ።