የንግሥቲቱ በር ሳይቆረጥ ተከፈተ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ደረጃውን መውጣት ቻለ? የእማዬ ሳል ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወፍሬያለሁ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ውሸት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናዘዝ። «ቤተ መንግሥት ሥራ ገባሁ» ብዬ የጻፍኩ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሹመት መስሎት እማዬን እንኳን ደስ አለሽ ሲላት እንደሰነበተ እህቴ ነግራኛለች። አባባ፣ ንጉሡ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ቤቱ አሁን ቲኬት ተቆርጦ የሚጎበኝ ቅርስ ነው፤ እኔም ሠላሳ ሁለት ክፍሎቹን ከሚወለውሉት ሴቶች አንዷ ነኝ። ዙፋኑ አጠገብ መቆሜ እውነት ነው፤ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኛ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት የንግሥቲቱ መኝታ ቤት በር ወለሉ ላይ እየተጎተተ አልንቀሳቀስ አለ። ወለሉን እንዳይፍቀው ተብሎ ክፍሉ ተዘጋ። ጎብኚው ደግሞ አብዛኛው ያንን ክፍል ሊያይ ነው የሚመጣው። አስጎብኚው «ከበሩ ጀርባ ያለውን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ» እያለ ሰው ይስቅበት ጀመር።

ዓርብ ዕለት ኃላፊው የእድሳት ክፍሉን አናጺ ከነመጋዙ ይዞ መጣ። በሩን ከታች ሁለት ጣት ያህል ሊቆርጡት ነው። ግርጌው ላይ እኮ ዙሪያውን የተፈለፈለ የወይን ሐረግ አለበት! በየቀኑ በጨርቅ የማብሰው እኔ ስለሆንኩ ቅጠሉን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። መወልወያዬን እንደያዝኩ «አትቁረጡት! በሩ አላበጠም፤ ማጠፊያው ነው የወረደው» ብዬ ጮህኩ።

አናጺው ዞር ብሎ አየኝና «ልጄ፣ አንቺ ወለሉን፣ እኔ በሩን» አለኝ። መባረሬ ነው አልኩ። ኃላፊው ግን «እስቲ ታሳየን» አለ። ልክ እርስዎ ጓሯችን ውስጥ በር ሲሠሩ እንዳሳዩኝ በሩን በሽብልቅ ደግፌ የላይኛውን ማጠፊያ ፈታሁ። ቀዳዳዎቹ ሰፍተው ብሎኖቹ በጣት ይወጡ ነበር። ስንጥር ጠርቤ፣ ሙጫ ውስጥ ነክሬ ሞላኋቸው፤ በማግስቱ መልሼ አሰርኩት። ከዚያ በአንድ ጣቴ ገፋ ባደርገው ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ።

አናጺው ጎንበስ ብሎ ሐረጉን በመዳፉ ዳሰሰው። «ለጥቂት ጉድ ሠርቼ ነበር» አለና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። «አባቴ» አልኩት።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ እድሳት ክፍሉ ተዛውሬያለሁ። ቅጹ ላይ «ሙያውን የተማሩበት ተቋም» ይላል፤ «የአባቴ ጓሮ» ብዬ ሞላሁ። ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ግን አልሰረዘችውም።

እማዬን ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ ለሰፈሩ እውነቱን መንገር ካሳፈራት እኔ ስመጣ እነግራቸዋለሁ። እህቴን ወሬ ስለማታስቀርብኝ አመሰግናታለሁ። ለአያቴ በደንብ እንድትሰማ ጮክ ብላችሁ ሰላምታዬን ንገሯት።

ለመጨረሻ ያቆየሁት አለ። የዙፋኑ አዳራሽ መስኮት በብረት ሳይሆን በእንጨት ችንካር ነው የተያያዘው። እንጨቱ ሳይሰነጠቅ ችንካሩ እንዴት እንደሚወጣ አናጺው ግራ ገብቶት «አባትሽን ጠይቂልኝ» ብሎኛል። እርስዎ ግን «እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ለምንም አልሆንም» ይላሉ አሉ። እባክዎ ይናገሩ፣ እህቴ ትጻፍ። መልስዎ እስኪደርስ መስኮቱን ማንም አይነካውም።

ልጅዎ
ከቤተ መንግሥቱ ጓሮ፣ ከእድሳት ክፍል
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን