የማይፈራው ፈረስ

ውድ ጋሼ፣

ስልኬን እንደማያነሱ ስላወቅሁ ነው የምጽፍልዎት። እባክዎ ሳይቀድዱት ያንብቡልኝ።

የኮምፒውተር ጨዋታችን እየሞተብን ነው። እርስዎ ብቻዎን ጀምረው እስከ ስምንተኛ ክፍሉ ያደረሱት የፈረሰኛው ጨዋታ ዘጠነኛው ላይ ሊቀበር ነው። ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው እርስዎ የጻፉት አሮጌው ኢንጂን በአዲሶቹ ማሽኖች አልሄድ ብሎ ሌላ እንድንሠራ ስንታዘዝ ጥለውን ሄዱ። እኛም ዓመታት ለፋንበት። አሁን ሣሩ በነፋስ ይተኛል፤ ውኃው መልክ ያሳያል።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ተጫዋቾችን ጠርተን አስሞከርን። አንድ ፂሙ መሸበት የጀመረ ሹፌር ፈረሱን ገደሉን አዘለለና መጫወቻውን አስቀመጠ።

"ምነው?" አልኩት።

"ይሄ ፈረስ አይፈራም። የድሮው ገደሉ አፍ ሲደርስ ያመነታ ነበር። የኔም ልብ አብሮት ይንጠለጠል ነበር።"

ክው አልኩ። አሮጌው ኢንጂን የማዶውን ምድር ስክሪኑ ላይ እስኪያመጣ ፈረሱን ለቅጽበት ይይዘው ነበር። እኛ ጉድለት ነው ብለን ያጠፋነው እሱን ነው! ገደሉ አፍ ላይ ለቅጽበት እንዲቆም ብናደርገው ፈረሱ የሚያነክስ መሰለ። እንደገና ብንሠራው ሊያስነጥስ የመጣበት መሰለ። ሠዓሊያችን ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ግን ማልቀስ ጀመረች።

ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገረን፤ "አርብ አሳዩኝ። ካልሆነ ሁላችሁም ዕቃችሁን ሰብስቡ።" አንዳንዶቹ አርብን አልጠበቁም፤ ጠረጴዛቸው ባዶ ነው።

ትናንት ቤትዎ መጣሁ። ባለቤትዎ በሩን ገርበብ አድርገው፣ "ልጄ፣ የዚያን መሥሪያ ቤት ስም ከሰማ እህል አይቀምስም። ተይው በቃ" አሉኝ። ከኋላቸው ሳልዎን ሰማሁ። እዚያው ነበሩ። አልወጡም። እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም።

ጋሼ፣ ሥራ የጀመርኩ ቀን ማሽኑን ለመንካት ስፈራ አይተው፣ "አይዞሽ፣ ይሄ ማሽን ከአንቺ የባሰ ደንቆሮ ነው" አሉኝ። አባቴን አላውቀውም። ከዚያች ቀን ወዲህ በልቤ አባት ስል እርስዎን ነው። አንድም ቀን አፍ አውጥቼ አልነገርኩዎትም።

ኮድ ይጻፉልኝ አልልም። ፈረሱን ብቻ ይንዱልኝ። ፊትዎ የቱ ጋ እንደሚጨልም ልይና ሌላውን እኔ እሞትበታለሁ።

ላፕቶፑን ከዚህ ወረቀት ጋር በርዎ ላይ ትቼዋለሁ፤ ጨዋታው ተከፍቷል። እኔ ታች ግቢው ውስጥ ነኝ። ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፤ ብቻ መስኮቱን ከፍተው "ነይ" ይበሉኝ።

በልመና፣
ልጅዎ