ወጥ ወጥ የሚሸት ቅባት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 3 ሰ.

ለሀገርና ለወገን ይታወቅ ዘንድ ይህ መግለጫ ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ድስት አርሯል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ድስቱ ግን አይተርፍም። የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ነው። ተጠርጣሪው ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይህን እየጻፈ ይገኛል።

አትሳቂ፣ ደብተር። ጤና አዳሙን ዘይት ውስጥ ጨምሬ ጣድኩና በረንዳ ወጣሁ። ታች የሚኒባሱ ረዳት ይጮሃል። ለቡ፣ ለቡ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው እኮ እኔ ነኝ አልኩ ለራሴ። ስመለስ ቤቱ ጭስ በጭስ።

ቅባት ምን አሠራህ ትያለሽ። ትናንት ቲጂ ደወለች። የልጅ ልጄ፣ እዚሁ ቤት ያሳደግኳት፣ አሁን ለቡ ፀጉር ቤት የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስታጥብ እጇ ተሰነጣጥቋል። አባባ፣ ያንን የእማማን ቅባት ሥራልኝ፣ እሑድ መጥቼ እወስዳለሁ አለች። እማማ የምትላት አስካለን ነው። ሚስቴን፣ ነፍሷን ይማር። ቲጂ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ አልመጣችም። ሥራ ነው። አውቃለሁ፣ ሥራ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

ሁለተኛ ሙከራ። ዘይት ቀረ። አስካለ በቅቤ ነበር የምትሠራው። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ቅቤ አወጣሁ። እሳቱ ለስለስ ብሎ፣ ጤና አዳሙ እስኪጠወልግ። በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት። ጠጅ ቤት ሄጄ ካመጣሁት ሰፈፍ ያነጠርኩትን ሰም ጨመርኩበት። ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጌ አየሁ። ረጋ! በማርማላታ ጠርሙስ ሞላሁት።

መድኃኒት በራስ ላይ አይሞከርም። ጎረቤት ለምን ተፈጠረ? ሸምሱን ጠራሁት። በር ለበር ነን። ልብስ ሰፊ ነበር፣ አሁን ጉልበቱን እያስታመመ ይውላል። ከእንግዲህ ሸ. እለዋለሁ፤ ለሙሉ ስሙ ቀለም አላባክንም። ጉልበቱን አሸሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ታሸ። ቀስ በቀስ አፍንጫው መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ስማ አንተ ሰውዬ፣ ኮረሪማ ጨምረህበታል እንዴ?"

ኧረ በጭራሽ አልኩ። ጎንበስ ብሎ የገዛ ጉልበቱን አሸተተ።

"ኮሰረትም አለው! ጉልበቴን ክትፎ አደረግከው እኮ!"

ለካ ለወጥ የተነጠረው ቅቤ ነው፣ ቲጂ ለእንቁጣጣሽ ያመጣችልኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ አፍንጫዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሸ. እያነከሰ ሱቅ ሲወርድ የግቢው ድመት ኮቴውን ተከትላ ሄደች። ከበረንዳ ሆኜ፣ ሸምሱ፣ እንጀራ ልወርውርልህ? ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ቀና አለ። ሸ. ድንጋይ የሚያነሳ መሰለ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሳቅ ብቻን ሲሆን እንዴት ቶሎ ያልቃል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ማታ 12 ሰ.

ሸ. በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዞ መጣ። ወንድሙ ከቡታጅራ የላከለት ነው። ባለቤትህ ብትፈልገውስ አልኩት። ዝም ብለህ ያዝ አለ። ለቲጂ እጅ አይደል? አዎ፣ ደውላ አዘዘችኝ አልኩ። መቼ ነው የደወለችልህ? ሰኞ አልኩ። ሰኞ፣ አለ እሱም። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወጣ።

በለጋው ቅቤ የሠራሁት ቅባት ወደር የለውም! ነጭ፣ ልስልስ ያለ። ጠርሙሱን አንገቱ ላይ ሪባን አሰርኩለት።

የተረፈውን ለራሴ። ጀርባዬን እንደ ክረምት ጊዜ ይዞኛል። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለችውን ቦታ ታውቂያታለሽ? ከላይ ብሄድ አልደርስባት፣ ከታች ብሄድ አልደርስባት። አስካለ ነበረች የምታሸኝ፣ እየተሳደበች። በማማሰያ ሞከርኩ። ሸሚዜን ቀባሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 10 ሰ.

ተላጨሁ። በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፣ እንዳታንኳኳ። ምሳ አልበላሁም፣ አብረን እንበላለን ብዬ። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር በረንዳ። አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ወረደች። አይደለችም።

11 ሰ. ደረጃው ላይ ኮቴ። ተነሳሁ። ሸ. ነው።

ግባ ሳልለው ገባ። ሸሚዝህን አውልቅ አለኝ። ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ አልኩ። በረንዳ ላይ ያሰጣኸውን አይቼዋለሁ፣ ጀርባው ቅባት በቅባት ነው፣ ልብስ ስታበላሽ ዝም ብዬ አላይህም አለ። አወለቅኩ። የልብስ ሰፊ አውራ ጣት ብረት ነው። ያችን ቦታ ሳልነግረው አገኛት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጤና አዳሙ ነው፣ ዓይን ይበላል።

እያሸኝ ከኋላዬ ተናገረ።

"ስልክህን እኮ ከዚያኛው ሳምንት ዓርብ ጀምሮ ልጄ እየጠገነልህ ነው። ታዲያ ሰኞ በምን ደወለችልህ?"

ግድግዳውን አየሁ።

"በል ዞር በል፣ ግራው ቀርቷል" አለኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት አውቆታል። አውቆ ነው ቅቤውን የሰጠኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት

ስልኩ መጣ፣ ተጠግኖ። የቲጂን ቁጥር አወጣሁ። ምን ልበላት? እጅሽ ዳነ ወይ? ልትደውይ አስበሽ ነበር ወይ? ሸ. በሩ ላይ ቆሟል። ደውል፣ አለበለዚያ ደውዬ ጉልበቴ ላይ ያደረግከውን ሁሉ እነግራታለሁ ይላል። እሺ፣ እደውላለሁ። ካላነሳች ጠርሙሱን ይዤ እወርዳለሁ። ረዳቱ ለቡ፣ አንድ ሰው ይላል። እገባለሁ።

አንቺን ግን፣ ደብተር፣ ሳልነግርሽ አልሄድም። ድስቱ በእውነት አርሯል። ድመቷም ተከትላዋለች። የቲጂን እጅ ለእንቁጣጣሽ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ተሰነጣጥቋል። ሰኞ ዕለት ግን አልደወለችም። እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሳት የምለኩስበት ምክንያት ቢቸግረኝ ፈጠርኩ፣ መልሼ እኔው አመንኩት፣ ተላጭቼም ጠበቅኩት።