ቀጭኗ ወይስ ወፍራሙ

አስኩዬ፣ ካለሽበት ይድረስሽ፤

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና፣ ምን ብለሽ ልትመልሽልኝ ነው ብዬ ተውኩት። ከተለየሽኝ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሊጋመስ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ግራ ገብቶኛል እንጂ አልታመምኩም። ይህን የምጽፍልሽም ግራ ስለገባኝ ነው፤ ግራ ሲገባኝ አንቺን ከመጠየቅ ሌላ መንገድ ተምሬ አላውቅም።

ቤቱ እንዳለ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር። ልጃችን ማርታ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየካ አባዶ ድረስ እየመጣች አንድ ነገር ትቀይራለች። መጀመሪያ መጋረጃውን ለወጠች፤ ቀጥላ ሶፋውን አዞረች። የአጋዘኑን ቀንድ አቧራ ይይዛል ብላ ከሳሎን አውጥታ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለችው፤ አሁን ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር ይወጋኛል። ከሳሊተ ምሕረት የሚወጣውም መንገድ ተቆፍሮ ሰፍቷል። ሽንኩርት የምትሸጥልሽ ሴትዮ የት እንደገባች ስጠይቅ ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። እኔም ቀስ እያልኩ ልለምደው ነው።

ያስቸገረኝ ይህ አይደለም። ድሮ የምሠራበት የአደን ድርጅት ደወለልኝ። ከእኔ በኋላ የውጭ እንግዳ ይዞ አደን የሚወጣው ልጅ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል፤ እንግዳው ደግሞ ቲኬቱን ቆርጧል። ከነገ ወዲያ ቦሌ ያርፍና በዚያው ወደ ባሌ ይዤው እወጣለሁ፣ ለድኩላ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ የሞላበት ጥሻ ውስጥ። አስታውን አላየሽውም እንጂ ታውቂዋለሽ፤ ስመለስ ተቀምጠሽ የምትሰፊው ሸሚዝ ሁሉ የተቀደደው እዚያ ነው። በዚያ ጥሻ ውስጥ የእኔ ሥራ እንግዳው አቁስሎ ያመለጠውን ድኩላ ተከትሎ መጨረስ ነው። የቆሰለ ድኩላ ደግሞ ሁልጊዜ አይሸሽም፤ ተደብቆ ይጠብቅና ሆድ በሚዘረግፍ ቀንድ ይመጣል። ስለዚህ የትኛውን ጠመንጃ ልያዝ የሚለው ነገር የነፍስ ጉዳይ ነው።

እንግዳው ራሱ ለጥቅጥቅ ጥሻ ምን ካሊበር፣ የጥይቱ ውፍረት ስንት የሆነ ጠመንጃ ላምጣ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ሻዬ ሳይበርድ አንድ ገጽ ሙሉ መለስኩለት። ለራሴ ሲሆን ግን ሁለቱን ጠመንጃ አልጋው ላይ አጋድሜ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ቀረሁ።

ድሮም እንደዚሁ ነበር የማጋድማቸው። አንዷ ሁለት መቶ ሰባ፣ ሌላው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ነው። አንቺ ለቁጥሩ ግድ አልነበረሽም፤ ቀጭኗና ወፍራሙ ነበር የምትያቸው። ከጓዳ እጅሽን በቀሚስሽ እያደረቅሽ ብቅ ትይና አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን አይተሽ፣ ወይ ያቺን ያዝ ወይ ያንን ያዝ ትይኛለሽ። እኔም ይዤ እወጣለሁ። ርችት ሲተኮስ ጆሮሽን ይዘሽ የምትሮጭ ሴት፣ እኔን ያህል አዳኝ በጣትሽ ትመሪኝ ነበር!

ደግሞ አልተሳሳትሽም። አንድ ጊዜ ለዚያው አስታ ወፍራሙን አስያዝሽኝ። የቆሰለው ድኩላ ከአጠገቤ ተነስቶ ሲመጣብኝ ወፍራሙ ባለበት አስቀረው። በሌላ ዓመት እዚያው ቦታ ልሄድ ቀጭኗን ያዝ ስትይኝ፣ ይቺ ሴት ልታስገድለኝ ነው እንዴ አልኩ በልቤ። ያን ቀን ድኩላው በሁለት ግንድ መሃል አንገቱን ብቻ አሳየኝ። በወፍራሙ ቢሆን ሲተኮስ ትከሻ የሚመታውን ርግጫውን ፈርቼ እስት ነበር፤ በቀጭኗ ጣልኩት። ባልደረቦቼ መሣሪያ መምረጥ ያውቃል እያሉ ስም አወጡልኝ። መራጩ ማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠረጠረም።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ለማርታ አጫወትኳት። እናትሽ በምን እንደምትመርጥ ነግራሽ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ቀጥሎ እንባዋ መጣ፤ እንባዋን ሳትጠርግ እንደገና ሳቀች። እማዬ እኮ ለበሩ የሚቀርበውን ነበር የምትጠቁመው አለችኝ። አባትሽ ካልነገሩት እስከ ምሳ ሰዓት ቆሞ ይውላል፣ መኪናው ውጭ ይጠብቀዋል፣ እኔም አልጋዬን አላነጥፍ፣ ትለኝ ነበር አለች።

አስኩ፣ እውነት ነው? ታዲያ እኔን የምታይኝ ምኔን ለማየት ነበር? ትከሻዬን ነው ወይስ ሰዓቱን? የምትጠቁሚው ለበሩ የሚቀርበውን ከሆነ፣ አጋዳሚው እኔ ነኝ፤ ስመርጥ የኖርኩት እኔው ነኝ ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ አሁን ምን ነክቶኝ ነው ያቃተኝ? ወይስ ለልጅሽ የቀለድሽው ነው? ተናድጄብሻለሁ። ወዲያው ደግሞ ናፈቅሽኝ፤ ንዴቱና ናፍቆቱ ተደባልቀውብኛል።

ዛሬ ጠዋት እንደ ሞኝ ሞከርኩት። ወፍራሙን ወደ በሩ አስጠግቼ አጋደምኩት፤ አላማረኝም። አቀያየርኳቸው፤ ያም አላማረኝም። በኋላ ነው ማርታ አልጋውንም እንዳዞረችው ትዝ ያለኝ። ድሮ ለበሩ የሚቀርበው የትኛው ጎን እንደነበር እንኳ ጠፋብኝና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ማርታ አትሂድ አባዬ ትላለች፣ ዕድሜህን እይ ትላለች። ልቀርም እችል ነበር። ነገር ግን ዛሬ አንዱን ሳልመርጥ ከዚህ አልጋ ከተነሳሁ፣ ከእንግዲህ ለምንም ነገር የምነሳ አይመስለኝም። ፍርሃቴ ይህ ነው፤ ድኩላውን እንኳ ይህን ያህል አልፈራውም።

ስለዚህ እንደ ጀማሪ አሰብኩ። ከባድ ጥይት ቅርንጫፍ ጥሶ ያልፋል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ወፍራሙም ቀጭኗም ቀንበጥ ነክተው ሲስቱ አይቻለሁ፤ ጥሻ ውስጥ ክፍተት መጠበቅ ነው ያለው። የቆሰለ ሲመጣብህስ ማን ክፍተት ይሰጥሃል ብትይኝ፣ እውነትሽን ነው፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ ይሻል ነበር። ግን ወፍራሙን አንስቼ ትከሻዬ ላይ ሳስደግፈው፣ ጥይት ሳይጎርስ እንኳ ርግጫውን ፈርቶ ዓይኔ ተጨፈነ። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ ተጨፈነ። ካንቺ ወዲህ ሰውነቴ ድንጉጥ ሆኗል። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚተኩስ ሰው የጥይት ውፍረት ምን ይረባዋል?

ቀጭኗን እይዛለሁ። ወፍራሙን ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። እርግጠኛ አይደለሁም፣ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ከተሳሳትኩ፣ ከተጋባን ወዲህ የእኔ ብቻ የሆነው የመጀመሪያ ስህተቴ ይሆናል።

ይህ ቤት ከገባንበት ጀምሮ አንድ ሌሊት ባዶውን አድሮ አያውቅም። እኔ ስወጣ አንቺ ነበርሽ። ማርታ መጥቼ ልደር አለችኝ፤ ልጆቿ ትምህርት አላቸው፣ ተይ አልኳት። እቆልፈውና እሄዳለሁ። ስመለስ ራሴ ከፍቼ እገባለሁ፤ ጫማዬንም ሳላወልቅ ድኩላው በየት በኩል እንደወጣ፣ ቀጭኗ ምን እንዳደረገች፣ የት ላይ እንደፈራሁ፣ ጓዳ ውስጥ ላለ ሰው እንደሚወራ ጮክ ብዬ እነግርሻለሁ። ጎረቤት አበደ ይበል። በሕይወት እስካለሁ ከየትም ብመለስ መጀመሪያ የምነግረው ለአንቺ ነው።

ባልሽ