የእናት ዓምድ

ታኅሣሥ 24፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ዛሬም ስቴንስል። ጣቶቼ ጠቁረዋል። የኮምፒዩተሩ መመሪያ ሦስተኛ ምዕራፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ አለቀ። አስካለ ትተይባለች፣ እኔ አባዛለሁ። ሥልጠናው ከጥምቀት በኋላ ነው። ቦታው የእርባታ ጣቢያችን አይደለም፤ መብራት አይጸናበትም። ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ነው። ሠልጣኞቹ ከየወረዳው የሚመጡ የከብት እርባታ ቴክኒሻኖች። ኮምፒዩተር አይቶ የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም የለም።

አንተም አላየህም፣ ማስታወሻዬ። ልንገርህ። ለእያንዳንዱ ጥጃ አባቱንና እናቱን ታስገባለህ። ፕሮግራሙ ወደ ላይ ይቆጥርና ይህ ኮርማ ለዚያች ጊደር ዘመድ ነው፣ አይደለም ይልሃል። በቃ። ዘመድ ከዘመድ ተገናኝቶ ዝርያው እንዳይደክም።

ሥልጠናው ባለቀ በእሑዱ ጋሽ ፈንታ ሁለት ሰው ጨምሮ ዘጌ ይሻገራል። የጣቢያው ሹፌር ነው፤ የኔ ደግሞ ዋና ሽማግሌ። የሚሄደው አስካለን ከአባቷ፣ ከመሪጌታ ሊጠይቅልኝ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ይዤዋለሁ፦ ጄኔሬተር፣ ወረቀት፣ ሽማግሌ። እንቅልፍ የለኝም። ደስ ይላል።

ታኅሣሥ 27

ጓ. ታደለ፣ ኃላፊያችን፣ የመንጋው መዝገብ ከግቢ አይወጣም አለ። ከበላይ ደብዳቤ ካልመጣ። ደብዳቤው ደግሞ መቼ ሊመጣ! በምን እናለማምዳቸው?

አ. መላ አመጣች። (ከዛሬ ጀምሮ አ. እላታለሁ። ስሟን ሙሉውን ስጽፍ እጄ ይዘገያል።) የላም ቁጥር ለማን ይጥማል፣ የሰው እናስገባ አለች። የራሳችንን። አገሬው እንደሆነ ሰባት ቤት ካልሞላ እንደማይጋባ ከልጅነቱ ሲሰማ ያደገ ነው፤ በኮምፒዩተር ሲቆጠር ቢያይ ወዲያው ይገባዋል። የሷንና የኔን እናስገባና ዝምድና የለም ሲል እናሳያቸዋለን። ይህን ብላ ሳቀች። ወዴት እንደምትሄድ ገብቶኛል።

ጓ. ታደለ ፈቀደ። በሐረጋችሁ ፊታውራሪ ካለ ግን ገበሬ በሉት አለን። ቀልድ ይሁን ትእዛዝ አልለየሁም።

ጥር 1

አ. የሷን አስገብታ ጨረሰች። የመሪጌታ ልጅ አይደለች፣ በአባትም በእናትም ስታወርደው እንደ ዳዊት ነው።

እኔ ያባቴን ወገን በቃሌ ለቀቅሁት። ሰባቱንም። ማሽኑ አልተቀበለኝም። የእናት ዓምድ ባዶ ከሆነ አላሳልፍ ይላል። ለላም የተሠራ ነዋ። የእናቴን ወገን ከአያቴ ወዲያ አላውቅም። አፈርሁ። ማን ጠይቆኝ ያውቃል? የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ ያባቴን ስም እጠራለሁ፣ ያልፋሉ።

አክስቴ ዘውዴ ከእንፍራንዝ መጥታ ከተማ፣ ፋሲሎ ሰፈር ዘመድ ቤት አርፋለች። የእናቴ ታላቅ። ነገ እጠይቃታለሁ።

ጥር 3፣ 9 ሰዓት

እንዴት እንደምጽፈው።

አክስቴ አንድም ሳትስት ነገረችኝ። እናቴ። የእናቴ እናት ብርቄ። የብርቄ እናት ጠጅቱ። ጠጅቱን በታንኳ ነው ከወዲያ ማዶ፣ ከዘጌ፣ ያመጧት። አባቷ ደብተራ ረዳ።

ይህን ማሽኑ ላይ እየተየብሁ ነበር። አ. ከጎኔ ቁማ ታነባለች። ረዳ ላይ ስደርስ የቱ ረዳ አለችኝ። አክስቴ የነገረችኝን እየሳቅሁ ነገርኋት። በታንኳ ካህናት ጭኖ ሲሄድ ከድንጋይ አላትሞ፣ ሁሉም ዋኝተው ወጥተው፣ ከዚያ ወዲህ ታንኳ ሰባሪው ረዳ ነው የሚሉት።

እሷ አልሳቀችም። እጇን በትከሻዬ በኩል አሳልፋ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ዝምድና አለ አለ።

ታንኳ ሰባሪው ረዳ የመሪጌታ አያት አባት ነው። ከኔም ከሷም ሲቆጠር አምስት ቤት። ሰባት አይሞላም።

ጥር 4

ቀኑን ሙሉ ስከራከር ዋልሁ። የወጣው የዝምድና ቁጥር እኮ ከዜሮ አይርቅም። በዚህ ርቀት ያሉ ኮርማና ጊደር ቢገናኙ ጉዳት የለውም ይላል መመሪያው፤ የተረጎምሁት እኔ ነኝ። ገጹን ከፍቼ አሳየኋት። ዘመኑ የሳይንስ ነው አልሁ። ሁለታችንም የተማርን ነን አልሁ። ምን ያላልሁት አለ።

ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ ስሜን ጠርታ፣ ቀስ ብላ፦

«እኔ ጊደር አይደለሁም፣ ይበልጣል።»

ጥር 6

ዛሬ የሠራሁትን ለአንተ ብቻ። ከጠጅቱ አባት ላይ ረዳን ሰረዝሁት። «የማይታወቅ» ብዬ አስገባሁ። ማሽኑ ምን ገዶት፣ ዝምድና የለም አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስታው ልክ እንደ እውነት ነበር።

አ.ን ጠርቼ አሳየኋት። አክስቴ አገሯ ገብታለች፤ ከኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም አልኋት። ስክሪኑን ብዙ አየችው። እንባዋ ወርዶ ከቁልፎቹ ላይ ጠብ አለ፤ በነጠላዋ ጠረገችው፣ ማሽኑ እንዳይበላሽ።

«እሱን ደበቅኸው። እኔን በየት በኩል ትደብቀኛለህ?»

ቁጭ ብላ ረዳን መልሳ አስገባችው። ነገ በጀልባ ዘጌ ትሄዳለች። ለአባቷ ልትነግር።

ጥር 9

መሪጌታ ለጥምቀት የሚሆን ዕቃ ሊገዙ ከተማ መጡና በዚያው ወደ ጣቢያው ብቅ አሉ። ተግሣጽ ጠብቄ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ።

አቀፉኝ። ትከሻዬን ሳሙ፣ ወዲህም ወዲያም፣ ደጋግመው። ጠጅቱ ከተሻገረች ወዲያ ወሬዋ ጠፍቶባቸው ኖሯል። በጣታቸው እየቆጠሩ እስከ እኔ አወረዱ። አ. ዘመድ ማግኘቷን ብቻ ነው የነገረቻቸው። ሌላውን አልነገረችም። ሽማግሌ ሊመጣ እንደነበረም አያውቁም።

ጥምቀትን እኛ ዘንድ ነህ አሉኝ። ቤቱ ቤትህ ነው። ቤታቸው በምን ዓይነት እግር እንደምገባ ስንት ጊዜ አስቤ ነበር። ይኸው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ።

ሊሄዱ ሲሉ እጄን ይዘው፦

«ይህች ልጅ ከተማ ውስጥ ወንድም አልነበራትም። እንግዲህ አላት። ለሷ የሚሆን ጨዋ ሰው ያገኘህ እንደሆነ አንተው ታመጣልናለህ።»

እሺ አባቴ አልሁ።

ጥር 13

ዘጌ አልሄድሁም። ሥራ አለብኝ ብዬ ላክሁ። ውሸት አይደለም፤ ኮምፒዩተሮቹን በፍራሽ ጠቅልለን ላንድሮቨሩ ላይ ስንጭን ዋልን።

ለጋሽ ፈንታ ነገርሁት። ገመዱን እያጠበቀ ሰማኝ፣ አላቋረጠኝም። ከዚያ፣ አይ ይህ ረዳ አለ፣ ሙቶም ይሰብራል። ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ሆነብኝና ከጄኔሬተሩ ጀርባ ዞርሁ። ጋሽ ፈንታ ሞተሩን አስነሣው። ሊሰማኝ አልፈለገም መሰለኝ። ድምፄን አውጥቼ አለቀስሁ።

ጥር 15

አዳራሹ ተዘጋጀ። መፈክሩ ተሰቀለ። ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ወረቀቱን እየገለበጠ አስቸገረን፣ መስኮቱን ዘጋን። አ. እና እኔ ስለ ገመድ፣ ስለ ወንበር እናወራለን። ስለ ሌላ የለም።

መለማመጃውን እንለውጠው አልኋት። የላም ቁጥር ፈጥረን እናስገባ። አይሆንም አለች፣ ተባዝቷል። ደግሞም ዝምድና የሌለውን ብቻ ካዩ ምን ይማራሉ? ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው ይህን ያለችው።

ጥር 16፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል

ሠልጣኞቹ ገብተዋል። ጓ. ታደለ መክፈቻውን እያነበበ ነው፤ ገና ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።

ቅድም ከደብረ ታቦር የመጣ ጎልማሳ ቴክኒሻን፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ዕቃ ስናስተካክል ሲያየን ቆይቶ ጠጋ አለኝ። ዓይኑን ጠቀሰ።

«ልጅቱ ምንህ ናት?»

«እኅቴ ናት።»

በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ገመድ እየጠቀለለች ነበር። አላቆመችም።

«ባባቴ በኩል» አለችው።

«በእናቴ በኩል» አልሁ እኔ።

ሰውየው ደስ አለው። ድሮም ጠርጥሬ ነበር አለ፣ አፍንጫችሁ አንድ ነው።

ወስኛለሁ። የዝምድናውን ምዕራፍ እሷ ልታስተምር ነበር፤ እኔ አስተምረዋለሁ። እሷ ማሽኑ ላይ ትቀመጥ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ። ከሥልጠናው በኋላ ደግሞ ዘጌ እሄዳለሁ፤ መሪጌታ እየጠበቁ ነው፣ ዘመድ አይቀርም። ጭብጨባ ሆነ። ስሜን ጠሩ። ረዳ የሚለው ላይ ስደርስ ወደ እሷ ሳላይ ማለፍ ከቻልሁ…