ስለ ቁጥር አሥራ ሰባት ጫማና ከጎኑ ስለቆመው ጫማ

ለተከበሩ ሶኖቤ፣
በስማቸው የሚጠራው የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ባለቤትና ኃላፊ፣
ሳካታ ከተማ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የሰኔው ዝናብ ጉልበትዎን እንዳይዝብዎ፣ የደንበኞችዎን ምስጢር የያዘው የብረት ቁም ሣጥንዎም እርጥበት እንዳያገኘው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቢሮዎ አራት ሱቅ አለፍ ብሎ፣ በገበያው መተላለፊያ መጨረሻ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ ስጠግን የኖርኩ ኦኩደራ ቶኩጂ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመተላለፊያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ተሸሽጎ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ጥንቃቄዎን አለማድነቅ ንፉግነት ይሆንብኛል። ደንበኛ በስሙ ሳይሆን በቁጥር ይጠራል፤ ማስታወሻው በሁለት ቁልፍ ይቆለፋል፤ ከበሩ ሥር ያስቀመጧት ትንሽ መሣሪያም ቀኑን ሙሉ የወንዝ ድምፅ እያሰማች አንድ ቃል እንዳያመልጥ ትጠብቃለች። ስለዚህ እኔም ሥርዓትዎን አክብሬ የባለቤቴን ስም አላነሳም። ለእርስዎ ቁጥር አሥራ ሰባት ከሆነች፣ በዚህ ደብዳቤ ለእኔም ቁጥር አሥራ ሰባት ትሁን።

አንደኛ ቅሬታዬ የጫማ መደርደሪያዎን ይመለከታል። ወደ እርስዎ የሚገባ ሁሉ ጫማውን አውልቆ የቤት ነጠላ ጫማ ያጠልቃል፤ ያወለቀው ጫማ ደግሞ ከመስታወቱ በር ጀርባ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ይደረደራል። የሰውን ስም በሁለት ቁልፍ ቆልፈው ጫማውን ለአላፊ አግዳሚ ማሳየትዎ የሚያስመሰግን ቸርነት ነው። በዚህ ሠፈር እጄ ያልነካው ሶል ስለሌለ፣ ወደ ምሳ ስሄድ ሳልፈልግ የደንበኞችዎን ዝርዝር አነባለሁ። ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ ጫማ ጠጋኝም የራሱ ምስጢር ጠባቂነት አለው። አንድ ረቡዕ ግን የግራ ተረከዙ በውጭ በኩል የተበላ ግራጫ የሴት ጫማ አየሁ። ያንን ተረከዝ በጥር ወር የቀየርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ረቡዕ ረቡዕ የቁም ጽሕፈት ትምህርት እንደምትሄድ ነበር የነገረችኝ።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ስልክ ደውዬ «ባለቤቴ እናንተ ጋ ትመጣለች?» ብዬ በጨዋ ደንብ ብጠይቅ፣ አንዲት ሴት በማር በተለወሰ ድምፅ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይም የለም ማለት አንችልም» አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ በአክብሮት ተባርሬ ስለማላውቅ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሴትዮዋ ጸሐፊዎ መስለውኝ ነበር። ሰሌዳዎ ላይ «ሶኖቤ» ከሚለው የቤተሰብ ስም በቀር ምንም ስለሌለ፣ ሶኖቤ የሚባለውን ወንድ በልቤ ሥዬ ጨርሼ ነበርና።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ሌላ ጫማ ነው። ከግራጫው ጫማ ጎን ሁልጊዜ አንድ ጥቁር የወንድ ጫማ ይቆም ነበር፤ ጥሩ ቆዳ፣ በእጅ የተሰፋ፣ እኔ ያልነካሁት። አራት ረቡዕ ሙሉ ሱቄን ዘግቼ እየሄድኩ አየሁት። ቀናሁ፤ አልደብቅዎትም። በዶፍ ዝናብ ቀን እንኳ ሶሉ ደርቆ ሳገኘው «ለካስ መኪናም አለው!» ብዬ፣ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ረስርሼ ቤቴ ገባሁ። ልትተወኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በሩዝዋ ላይ ስታቀረቅር እንኳ የምታስበው ያንን ጫማ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ እራት ላይ አፈነዳሁት።

«ያ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለ ጥቁሩ ጫማ ነዋ! ባለ መኪናው!»

ቁጥር አሥራ ሰባት የመብያ እንጨቷን አስቀምጣ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ሳቀች። «ኧረ አንተ ሰውዬ! ያ ጫማ እኮ እግር የለውም። ሶኖቤ ሴት ናቸው፤ ብቻቸውን ስለሚሠሩ፣ ወንድ ያለ እንዲመስል የአባታቸውን ጫማ በሩ ላይ አስቀምጠው ነው!»

ቅናት ዓይን ያሳውራል ሲባል እሰማ ነበር። ብቻዋን የምትኖር ሴት ይህን እንደምታደርግ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ እህቴም ታደርገዋለች፣ ጫማውን የሰጠኋትም እኔ ነኝ። ሳቋ ሲበርድላት ግን ቁጥር አሥራ ሰባት ማውራት ጀመረች። እንዲህም አለችኝ፦

(እዚህ ላይ ሁለት መስመር ተሰርዟል።)

ጫማው ባዶ ሆኖ ሳለ ቅናቴ ለምን እንዳልለቀቀኝ ይጠይቁኝ ይሆናል። የተከበሩ ሆይ፣ አሁን የምቀናው በእርስዎ ነው። እርስዎ በየሳምንቱ ሃምሳ ደቂቃ ሲሰሟት፣ ለእኔ ዓመቱን ሙሉ የሚደርሰኝ «ጃንጥላህን ያዝ» እና «መታጠቢያው ሞቋል» ነበር። ምስጢሯን ያውጡልኝ አላልኩም፤ የሚነገረው ሰው እኔ ብሆን ብዬ ነው። ይህን ደግሞ የትኛው ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚቆልፉት እርስዎ ያውቃሉ።

እስከዚያው ለመደርደሪያዎ ከሱቄ የተረፈ የቆዳ መጋረጃ ሰፍቼ በነፃ እሰቅልልዎታለሁ። የአባትዎንም ጫማ ይላኩልኝ፤ ሶሉን ትንሽ አሻሽቼ ጭቃ ላስነካው። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ሌባ አይፈራውም፤ የሚፈራው የሞኝ ባል ብቻ ነው።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ በጥንቃቄዎ ከልክ በላይ የተጠበቅሁ ጎረቤትዎ፣
ኦኩደራ ቶኩጂ፣ ጫማ ጠጋኝ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለቁጥር አሥራ ሰባት አስነበብኳት። ስለ እሷ መጻፌን ፈቀደች፤ ሁለቱን መስመሮች ግን በቀይ ቀለም ሰረዘቻቸው። «ይኼ ለሶኖቤም አልተነገረም» አለችኝ። እንግዲህ ምን እንዳለች ለማወቅ ከጓጉ ሱቄ ክፍት ነው፤ ይምጡና ይጠይቁኝ። በታላቅ አክብሮት ተቀብዬ፣ ወንበር ሰጥቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይም የለም ማለት እንደማልችል እነግርዎታለሁ።